ሦስተኛው ስንኝ ላይ

በካርታ ላይ ስማችን ከምድራችን ይረዝማል፤
ፊደሉ ከደሴቱ ተርፎ ባሕሩ ውስጥ ይዋኛል።
«ይህችን ለምታህል አገር መዝሙር ምን ይሠራላታል?
ለማን ነው የምናሰማው? ለማዕበሉ?» ብሎ ሳቀ
የጉምሩኩ ሹም ኢዮቴባ፣ ወንበሩ ሲጥ ሲጥ እያለ።
እኛም ሳቅን።
ግን ለነጻነት አርባ ቀን ብቻ ነበር የቀረን፤
ባንዲራው ተሰፍቶ አልቋል፣
ምሰሶውም ከነቀለሙ በመርከብ ተጭኖ መጥቷል።
የጠፋው የሚዜም ነገር።

ሰባ ሦስት ፖስታ ደረሰን፣ ከየደሴቱ በጀልባ፤
ጨው የበላው፣ ዓሣ ዓሣ የሚል፣ ቀለሙ የተንጠባጠበ እንደ እንባ፤
አንዱ የገዢዎቻችንን መዝሙር ስም ብቻ ለውጦ የላከ፣
አንዱ አሥራ ስድስት አንቀጽ ሙሉ ኮኮናት የባረከ፣
አንዱ ደግሞ ባዶ ወረቀት።
እስከ ዛሬ የማስበው እሱን ነው። ምን ሊል ኖሯል?

ኖታ የምጽፍ እኔ ብቻ ነበርኩ፣
ሦስት ቁልፉ በሞተ የሚሲዮን ሃርሞኒየም የተማርኩ።

ቴባኖ ፖስታ አልላከም። ራሱ መጣ፣ አንድ ማለዳ፤
ሃያ ዓመት ፎስፌት የቆፈረ፣
ተራራው በመርከብ ሲሄድ አቧራው ለሱ የቀረለት፣
ደረቱ ውስጥ ያደረለት።
«መጻፍ አልችልም» አለኝ። «እኔ ላዚም፣ አንቺ ልቀሚ።»
ታንኳ ከአሸዋ ወደ ውኃ ሲገፋ የሚባል ዜማ ነው፤
እሱ ግን ያዘገየዋል፣
ታንኳው ውስጥ የተኛ ልጅ ያለ ይመስል።

እጁ ጠረጴዛውን ሲመታ፣ አንድ ስንኝ፣ ሁለት ስንኝ፤
ሦስተኛው ላይ፣ ትልቁ ቃል ሊመጣ ሲል
ትንፋሽ አጠረው።
መስኮቱን ያዘ። ጀርባው እንደ አሮጌ ሸራ ተርገበገበ።
እኔም ሞኟ፣ እርሳሴን ይዤ፣ የሰማሁትን ሁሉ ጻፍኩ፤
ዝምታውንም ጻፍኩ፤
የሁለት ምት ዕረፍት፣ ትንሽ ባርኔጣ መሳይ፣ መስመሩ ላይ አስቀመጥኩ።
ሳል በኖታ አይጻፍም።

ኮሚቴው በዜማው አልተጣላም፤ ሦስት ሌሊት የፈጀው አንድ ቃል ነው፦
«ምድራችን» ይባል ወይስ «ባሕራችን»?
ቄሱ፣ «አገር መቆሚያ ነው፤ ባሕር ላይ ማን ይቆማል?»
የሰሜን ደሴቶች ወኪል ናካራ፣ «እኛ ከተወለድን ጀምሮ ቆመንበታል።
ምድር የምትሉት ስንት ክንድ ነው?
ማዕበል በበላው ቁጥር መዝሙሩን ልናሳጥር?»
ቴባኖን ጠሩት። አዳመጠ። ግድግዳውን አየ።
«እኔ እዚያ ጋ ስደርስ ትንፋሽ የለኝም፤ እንደወደዳችሁ አድርጉ።»
ቃለ ጉባኤው «ምድራችን» ይላል። ሰሜኖቹ እስካሁን «ባሕራችን» ይላሉ፤
በበዓል ቀን ሁለቱ ቃላት በአንድ አፍታ ይጋጫሉ፤
እንግዳ ሰው የሚሰማው ሦስተኛ ቃል ነው፣ ትርጉሙ የማይታወቅ።

ሽልማቱ ብስክሌት ነበር። መንገዳችን ሰባት ኪሎ ሜትር ነው።
ቴባኖ አልነዳትም፤
እንደ ታመመች እህት ደግፎ ወሰዳት።

የነጻነት ሌሊት። ፋኖስ፣ መርከበኞች፣ ነጭ ጓንት።
ባንዲራው ሲወጣ ሕዝቡ፣ እንዳስተማርኩት፣
ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ጸጥ አለ፤
በዚያ የሁለት ምት ጸጥታ ከኋላ፣ ከምንጣፉ ጫፍ፣ አንድ ሳል ተሰማ።
ከዚያ ምድርም ባሕርም ተነሣ።

አሁን መማሪያ መጽሐፉ «ዕረፍቱ የአባቶች መታሰቢያ ነው» ይላል፤
ሌላው፣ «ማዕበል ሲመለስ ነው።» አላረምኳቸውም።
አምና ከውጭ ተምሮ የመጣ የባንድ አለቃ
በጣቱ ጠቁሞ፣ «እሜት ሮቲያ፣ ይህ ስህተት ነው፤ ምቱን ይሰብራል» አለኝ።
«ማን አስገባው?»
«እኔ ነኝ።»
«ላጥፋው?»
«አጥፋው» አልኩት።
ላጲሱን አነሣ፣ አጠፋ፣ ብናኙን እፍ አለ።

ማታ ልምምድ ላይ ሠላሳ ልጆች አዲሱን ወረቀት ይዘው
አንድ ስንኝ፣ ሁለት ስንኝ፣
ሦስተኛው ላይ ቆሙ።
ጥሩምባው ብቻውን አለፈ፤
ኋላ ዞር ብሎ ጠበቃቸው።